የምሥራች ዋጋ፦ በጣና ዳር የሽልማት መልእክትና የማረጋገጫው ታሪክ

«ሽልማት» የሚለው ቃል «ሸለመ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ ማስጌጥንና ማልበስንም ያመለክታል፤ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ዘመን የተሸለመ ሰው ማለት ካባ ወይም ለምድ የለበሰ፣ በብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ጋሻ የተቀበለ፣ ይህንንም በሠራዊትና በመኳንንት ፊት ያገኘ ሰው ማለት ነበር። እንዲህ ያለው ሽልማት ትከሻ ላይ የሚውልና በአደባባይ የሚታይ በመሆኑ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚመረምረው አልነበረም፤ ሽልማቱና ማስረጃው አንድ ነበሩና። ምርመራ ያስፈለገው ስጦታው ከሰጪው ፊት ርቆ በመልእክተኛ ቃል፣ በብራና፣ በደብዳቤ፣ በቁጥር መጓዝ ሲጀምር ነው። በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከደሴት ገዳማት እስከ ዛሬዋ ባሕር ዳር፣ ይህ ጉዞ በጽሑፍ ሊከተሉት የሚቻል ረጅም ታሪክ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ነገር የመልካም ዜና እውነተኛነት ከመልእክቱ ከራሱ ተነቦ የማያውቅ መሆኑ፣ ሁልጊዜም በሌላ ቦታ ከተቀመጠ ሁለተኛ መዝገብ ወይም ከሌላ ሰው አፍ ይፈለግ የነበረ መሆኑ ነው።

ከጽሑፉ በፊት የነበረው ሥርዓት የምሥራች ሥርዓት ነው። አብሣሪው፣ ማለትም መልካም ወሬ ይዞ የመጣው ሰው፣ ከደጃፍ ሆኖ «የምሥራች!» ሲል፣ ባለቤቱ «ምሥር ብላ»፣ ሴትም ከሆነች «ምሥር ብዪ» ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ይነገራል፤ ልጅ መወለዱን፣ የዘመተው በሰላም መመለሱን፣ ሹመት መሰጠቱን የሰማው ቤተሰብም እንደ አቅሙ ልብስ ወይም ገንዘብ ለአብሣሪው ይሰጣል። ሥርዓቱ ዜናውን ለማረጋገጥ የተበጀ ባይሆንም በውስጡ ሁለት ጥበቃዎች ነበሩት፤ አንደኛው አብሣሪው የሚታወቅ፣ ነገም በዚያው መንደር የሚውል ሰው መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዋጋው ከወሬው በኋላ የሚከፈል መሆኑ ነው። የዘመናችን የስልክ አታላይ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ ክፍያው ይቀድማል፣ ሽልማቱ ይከተላል ይላል። ነገር ግን ገልብጦታል ማለት ብቻ ታሪኩን አይጨርሰውም፤ መልካም ዜና ላመጣ ሰው አንዳች ነገር መስጠት በባህሉ የተገባ፣ እንዲያውም የጨዋነት ምልክት በመሆኑ፣ ሚሊዮን ብር ደርሶሃል ከተባለ በኋላ «ለማስፈጸሚያ» የሚጠየቀው ጥቂት ሺህ ብር ለሰሚው ጆሮ እንግዳ አይደለም። አታላዩ ያወቀውም ሆነ ያላወቀው፣ የሚጠይቀው ገንዘብ የተቀመጠው ጥንት የምሥራች ስጦታ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

በጣና አካባቢ እጅግ የበለጸገው ማስረጃ የሚገኘው ግን በገዳማቱ መጻሕፍት ነው። ጉልት ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገዳም ወይም ለመኳንንት የሚሰጠው፣ ከአንድ አገር መሬት ግብር የመቀበል መብት ሲሆን፣ በዘር ከሚወረሰው ርስት የተለየ ነው፤ ርስተኛው መሬቱን ያርሳል፣ ባለጉልቱ ግብሩን ይቀበላል። ይህን የመሰለ ስጦታ ከንጉሡ ከተማ ወደ ሐይቁ ሲመጣ በተለየ ወረቀት አይቀመጥም ነበር፤ የሚጻፈው በገዳሙ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር፤ ኅዳግ የገጹ ጽሑፍ የሌለበት ዳር ነው። እንዲህ ያለው የከበረ ወንጌል «የወርቅ ወንጌል» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከክብሩ ሲሆን፣ ከቅዱስ ቃሉ ጋር የገዳሙን ንብረትና መብት ስለሚይዝ እንደ መዝገብ ቤትም ያገለግላል። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ደሴቶች የተጠበቁት ብራናዎች ለውጭው የጥናት ዓለም በሰፊው የተከፈቱት ጀርመናዊው ሊቅ ኧርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በማይክሮፊልም ካነሣቸው በኋላ ነው።

የጉልት ጽሑፍ አሠራር ለማረጋገጥ ምን ያህል እንደታሰበበት ያሳያል። ጽሑፉ የንጉሡን ስምና የመንግሥት ስሙን ይጠራል፤ የተሰጠውን አገር በስሙ ይዘረዝራል፤ ከዚያም ስጦታው በተሰጠበት ጊዜ ማን ዐቃቤ ሰዓት እንደነበረ፣ ማን በየትኛው አገር ተሹሞ እንደነበረ በተራ ያነሣል፤ በመጨረሻም ቃሉን የሚፍቅ ወይም ስጦታውን የሚነጥቅ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይገዝታል። ዐቃቤ ሰዓት በቤተ መንግሥት የነበረ ከፍተኛ የካህናት ሹመት ነው። የሹማምንቱ ዝርዝር ለዛሬ አንባቢ የክብር ማሳመሪያ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከግዝቱ የበለጠ የሚሠራው እርሱ ነው። ሐሰተኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው የንጉሡን ስም ማወቅ አይቸግረውም፤ በዚያው ዓመት በአንድ ጊዜ አብረው የተሾሙትን አምስትና ስድስት ሰዎች ሳይሳሳት ማሰባሰብ ግን ከባድ ነው፤ አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላው የተሾመ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ያንጊዜውኑ ይፈርሳል። ዛሬም የታሪክ ሊቃውንት ጥርጣሬ ሲገባቸው የሚሄዱት ወደዚሁ ዝርዝርና ወደ ጽሕፈቱ ቅርጽ ነው፤ በአክሱም በአብርሃና በአጽብሐ ስም የሚነበበው የመሬት ስጦታ ከዘመናቸው እጅግ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑ የታወቀው በእንዲህ ያለ ምርመራ ነው፤ መነኮሳትም ለገዳማቸው ሲሉ ብዕር ያነሡበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥበቃው ቦታው ነበር። በየብስ ያለ ባላገር «ይህ አገር ለገዳሙ ተሰጥቷል» የሚል ሰው ሲመጣበት፣ ነገሩን ለማጣራት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ መጽሐፉ ባለበት ማስነበብ ነበረበት፤ ደንገል በጣና ዳር የሚበቅለው ቄጠማ መሰል ተክል ነው። ሰው የያዘው ወሬ በአንድ በኩል፣ ከሰውየው እጅ ውጭ የሆነው መጽሐፍ በሌላ በኩል ቆመው ሲተያዩ ነበር እውነቱ የሚለየው። ይህ አሠራር ጠባብ በር እንደነበረው መካድ አይቻልም፤ መጽሐፉን የሚጠብቁት የስጦታው ተጠቃሚዎች ራሳቸው ነበሩ፤ በክብራንና በዳጋ ደግሞ ሴት ስለማትገባ፣ ርስቷ የሚነካባት ሴት መዝገቡን በዓይኗ ልታይ አትችልም ነበር።

ደብዳቤ ከብራናው ይልቅ ፈጣን ነው፤ ለማታለልም የቀለለ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ደብዳቤ የጸሐፊ እንጂ የንጉሥ የእጅ ጽሑፍ አልነበረም፤ ፊርማም አይፈረምበትም፤ እውነተኛነቱን የሚያሳየው ከራስጌው የሚያርፈው ማኅተም ነበር። «ይድረስ ከ» ብሎ የሚጀምረውን ይህን ወረቀት የሚቀበለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ ስለማይችል በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎችን ማመን ነበረበት፤ ያመጣውን መልእክተኛና ያነበበለትን ደብተራ። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ሲያቋቁሙ፣ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ የመልእክተኛው ማንነት በቴምብርና የመነሻ ከተማና ቀን በሚያሳይ የፖስታ ቤት ማኅተም ተተካ። አብሣሪው ያን ጊዜ ፊቱን አጣ፤ ዜናውን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅም ትርጉም አልባ ሆነ።

እዚህ ላይ ሽልማትን ከዕጣ ጋር ያገናኘውን ሌላ መስመር ማንሣት ያስፈልጋል። ዕጣ በጣና ዙሪያ አገሮች የቁማር ነገር ሳይሆን የፍትሕ መሣሪያ ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ ማትያስ በዕጣ መመረጡን ካህናቱ ያስተምራሉ፤ በጎጃም ርስት ከአንድ አባት ለሚወለዱት ወገኖች ሲከፋፈል አድልዎ እንዳይገባ በዕጣ የሚለይበት ልማድ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በከተሞች የተስፋፋው ዕቁብም ይህንኑ ይዞ መጣ። ዕቁብ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ አዋጥተው ድምሩን በዕጣ ለአንዱ የሚሰጡበት ማኅበር ሲሆን፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ስሞቹ በተጠቀለለ ወረቀት ተጽፈው ሁሉም እያየ ይወጣሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ከጠራ በኋላ ነው፤ ቀሪውን ሳይከፍል እንዳይጠፋ። ዋስ ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው፤ ባለዕድሉም ገንዘቡን ለመቀበል አስቀድሞ ሌላ ገንዘብ አይከፍልም። ባሕር ዳር ውስጥ ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም ያደገው በዚህ ልማድ ነበርና፣ ዘመናዊው ሎተሪ ሲመጣ ቃሉን ከእርሱ ተበደረ፤ ዕጣ፣ መውጣት፣ መድረስ።

ብሔራዊ ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በአዋጅ ቁጥር 183 ሲቋቋም ለባሕር ዳር የተለየ ጊዜ ነበር። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ገንዘቡ የተገኘው ኢጣሊያ ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ በእጁ የሚቆጥር፣ ከመንደሩ ርቆ የመጣ፣ ጎረቤቱንም በደንብ የማያውቅ አዲስ የከተማ ሰው በሐይቁ ዳር መሰባሰብ በጀመረበት ወቅት፣ በገንዘብ የሚገዛ ባለቁጥር ወረቀት ደረሰው። ሎተሪው የማረጋገጡን አቅጣጫ እንዳለ ገለበጠው። ከዚያ በፊት ስጦታ በስም ለሚታወቅ ሰው ይላክ ነበር፤ ተቀባዩም መልእክቱን ይመረምራል። አሁን ግን መንግሥት ቃል የገባው ስሙን ለማያውቀው ሰው፣ ወረቀቱን ለያዘ ማንኛውም ሰው ነውና፣ መርማሪው ሰጪው ሆነ፤ ባለዕድሉ ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፣ መሥሪያ ቤቱ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ለባለዕድሉ ማንም አይደውልለትም፤ ዕጣው መውጣቱን ከሬዲዮ፣ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወይም አዟሪው ከያዘው የዕጣ ዝርዝር ራሱ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ በመሆኗ፣ ዕጣው በወጣበት ሰዓትና የታተመው ዝርዝር በሐይቁ ዳር በሚነበብበት ሰዓት መካከል ክፍተት ነበር፤ በማንኛውም አገር ማታለል የሚኖረውም በእንዲህ ያለ ክፍተት ውስጥ ነው። ስፔናውያን «ቶኮሞቾ» የሚሉት ተንኮል የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የዋህ መስሎ የቀረበ ሰው የወጣለትን ሎተሪ በአንድ ምክንያት ራሱ ሊቀበልበት እንደማይችል ተናግሮ በርካሽ ይሸጥልሃል፤ ወረቀቱ ግን ወይ የተፋቀ ነው፣ ወይ ያልወጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ የተዛመቱት «የስፔን እስረኛ» ደብዳቤዎችም የዚሁ ዘር ናቸው፤ በእስር ላይ ያለ ባለጸጋን ለማስፈታት ጥቂት ገንዘብ የላከ ሰው ብዙ እጥፍ እንደሚያገኝ ቃል ይገቡ ነበር። ተንኮሉ ያረጀ ነው፤ አዲሱ ነገር የሚጓዝበት መንገድ ብቻ ነው።

ወረቀቱን በየመንገዱ የሚያዞሩት ሎተሪ አዟሪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ተጽፎላቸዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚታዩት መካከል ከጎጃምና ከጎንደር ገጠሮች የመጡት ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ለብዙ ገዢ ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ማለት መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ይህ አዟሪ ነው። ዝርዝሩን ይዞ የሚያነብለት፣ ቁጥሩን አይቶ «አልወጣም» ወይም «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው፣ አነስተኛውንም ዕጣ ብዙ ጊዜ በሌላ ሎተሪ የሚለውጥለት እርሱ ነውና፣ የጥንቱ አብሣሪ ፊት በከፊል በእርሱ ተመልሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን በጣና ዳር ከሎተሪው ሁሉ የሚበልጥ ዕጣ መጣ። ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ በአሜሪካ ምክር ቤት በኅዳር 1983 ዓ.ም. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ 55,000 ቪዛ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያውም ለእ.ኤ.አ. 1995 የበጀት ዓመት የተሰጠው ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ በፖስታ ይላክ ነበር፤ የደረሰውም ሰው ከአሜሪካ ደብዳቤ ይመጣለት ነበር። በኢትዮጵያ ፖስታ ከቤት ደጃፍ የማይደርስ በመሆኑ ደብዳቤው የሚያርፈው በፖስታ ሣጥን ነው፤ የግል ሣጥን የሌለው ሰው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን ወይም የዘመዱን ሣጥን ቁጥር ይሰጣል። አንድን ቤተሰብ የሚለውጥ ወረቀት ስንት እጅ አልፎ ወደ ባለቤቱ እንደሚደርስ ለማሰብ ይህ ይበቃል፤ ፖስታውን ቀድሞ ያየ ሰው «የምሥራች» ለማለትም፣ ደብቆ ለመደራደርም ዕድል ነበረው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 መጸው ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ በፎቶ ቤቶችና በኢንተርኔት ካፌዎች በር ላይ የበዛው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኮምፒዩተር የማያውቀው አመልካች ፎቶውን ተነሥቶ፣ መረጃውን ለሞይው፣ ማለትም ቅጹን ለሚሞላለት ሰው፣ ሰጥቶ ይሄዳል። ለዲቪ 2012 ከተካሄደው ዕጣ ወዲህ ደብዳቤ መላክም ቀርቶ፣ አመልካቹ ራሱ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቶ እንዲያይ ተደረገ፤ መሥሪያ ቤቱም ደርሶሃል የሚል ኢሜይል ለማንም እንደማይልክ፣ የቪዛው ክፍያም በቃለ መጠይቁ ቀን በኤምባሲው እንጂ በባንክ ወይም በገንዘብ ማስተላለፊያ አስቀድሞ እንደማይጠየቅ ደጋግሞ አሳውቋል። በዚህ አሠራር ሐሰተኛው ኢሜይል በቀላሉ ይጋለጣል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ተሰበሰበ። ቁጥሩን በእጁ ያስቀረ ሞይ፣ ዕጣው እንደወጣ እያወቀ፣ ባለዕድሉን ገንዘብ ለመጠየቅ ወይም በማያውቀው ጋብቻ ለማስተሳሰር የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። የደሴቱን መጽሐፍ የሚጠብቁት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው እንደነበሩ ሁሉ፣ እዚህም መዝገቡን የሚከፍተው ቁልፍ በአማላጁ እጅ ወደቀ። መዝገቡ ደግሞ ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ወደ 22,000 የሚጠጉ ሰዎች ከትክክለኛው ድረ ገጽ ዲቪ 2012 እንደደረሳቸው ካነበቡ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩ ዘጠና በመቶውን የመረጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካመለከቱት ውስጥ በመሆኑ ዕጣው በዘፈቀደ አልወጣም ተብሎ ተሰረዘ፤ ሐምሌ ላይም እንደገና ወጣ። መልእክቱ እውነተኛ ነበር፤ ሐሰተኛው ዕጣው ነው።

ተመሳሳይ ነገር በአገር ውስጥም ደርሷል። የአዲስ አበባ አስተዳደር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በአደባባይ ካወጣ በኋላ፣ በሥርዓቱ ውስጥ የቆጣቢዎች መረጃ ተነካክቶ በመገኘቱ ውጤቱን ሰርዟል። የዕቁብ አባላት የተጠቀለለውን ወረቀት በዓይናቸው ማየት የሚፈልጉበት ምክንያት በዚህ ይገለጣል፤ በአዳራሽ ውስጥ በስክሪን የሚታይ ዕጣ ለዓይን ግልጽ ቢመስልም፣ ጥቅልሎቹ የተዘጋጁበትን ቀን ያየ ሰው የለም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ጀመረ፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በአዲሱ ሚሌኒየም መግቢያ ዳግም ተከፈተ። የሽልማት መልእክት በቀጥታ ወደ ሰው ኪስ መግባት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው፤ ለዚህም መንገዱን የጠረጉት እውነተኞቹ ዕጣዎች ናቸው። የሕዳሴው ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሕዝቡ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል ወደ 8100 እየላከ ያዋጣ ነበር፤ ለላኪዎቹም ሽልማት በዕጣ ይወጣ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣባት ከተማ ይህ ቁጥር ከማስታወቂያም በላይ ነበር። ንግድ ባንክም «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያለ ለቆጣቢዎች ዕጣ ያወጣል፤ የመጠጥ ድርጅቶች በቆርኪ ውስጥ ሽልማት ያስቀምጣሉ፤ እነዚህ ሁሉ በሕግ የሎተሪ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው። ሎተሪውም ራሱ አድማስ በተባለው ዲጂታል ዕጣ ወረቀቱን ትቶ ወደ ስልክ ገብቷል። ስለዚህ «ስልክ ቁጥርዎ ተሸላሚ ሆኗል» የሚል ድምፅ ሲመጣ ሰሚው የሚያስታውሰው እውነተኛ ነገር አለ፤ አታላዩ የሚኖረው በዚህ ትዝታ ላይ ነው።

የአታላዮቹ ጥያቄ ከዘመኑ የክፍያ መንገድ ጋር ተለዋውጧል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የተፋቀ የሞባይል ካርድ ቁጥር ነበር፤ ካርዱ እንደ ገንዘብ በቃል ሊተላለፍ ይችል ነበርና። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮች በስልክ መሥራት ከለመዱ በኋላ የሚፈለገው የምስጢር ቁጥሩ፣ ወይም በመልእክት የሚመጣው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቁጥር ሆነ። በ2015 ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ ሲመጣ፣ በ09 የለመደው ሰው የደዋዩን ቁጥር አይቶ መለየት ይበልጥ ተቸገረ። ድርጅቶቹ በበኩላቸው የሚሰጡት መልስ የደሴቱን መጽሐፍ የሚያስታውስ ነው፤ የተደወለልህን አትመን፣ አንተ ራስህ ወደ ታወቀው መስመር ደውል ይላሉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951። ሐይቁን የመሻገሩ ድካም ወደ ሦስት አኃዝ ወርዷል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ሕጉም ከመልእክቱ ይልቅ የገንዘቡን አካሄድ የሚያሳይ ምልክት አስቀምጧል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝና ከ1,000 ብር በሚበልጥ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል፣ ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ሽልማቱን የሚከፍለው ወገን እንዲሆን ደንግጓል፤ በዚህ ሥርዓት ባለዕድሉ ግብር ብሎ አስቀድሞ ለማንም የሚልከው ገንዘብ የለም። በዚያው ዓመት የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን ለብቻው ያስቀጣል፤ ከእርሱ በፊት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተደነገገው የአታላይነት ወንጀል ነበር። ሕጎቹ ተበዳዩ ገንዘቡን ከላከ በኋላ የሚሠሩ ናቸው፤ ከመላኩ በፊት የሚሠራው መዝገቡን የማየት አቅም ነው፤ እርሱም በቀላሉ የሚቋረጥ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ድረ ገጽ ከፍቶ ማጣራት ያልቻለ ሰው የስልክ ጥሪ ግን መቀበል ይችል ነበር፤ መልእክቱ ክፍት፣ ማመሳከሪያው ዝግ።

ባሕር ዳር ላይ ዘንባባ በተተከለባቸው መንገዶች አዟሪዎቹ አሁንም ወረቀቱን በሰሌዳ ደርድረው ይዘዋል፤ የወጣውን ዕጣ ዝርዝር ደግሞ አጣጥፈው ከሥር ያስቀምጡታል። ስልኩ ላይ ውጤቱን ያየ ሰው እንኳ ከአዟሪው አጠገብ ቆሞ ዝርዝሩን ይጠይቃል፤ ጣቱን ከቁጥር ወደ ቁጥር እያወረደ፣ በእጁ የያዘውን ወረቀት ከሌላው ወረቀት ጋር ያስተያያል።